የጉባኤ ቤቶች ታሪክ ከየት ይጀመር?

1. መነሻ

ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ከተጻፉት ጥናቶች ብዙዎቹ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ ዋና በር ይወስዱታል። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ «የቤተ ክህነት ትምህርት» በሚል ርእስ ሥር በአንድ ምዕራፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ አንቀጽ ተጠቅልሎ ያልፋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ያዘጋጀሁት ጽሑፍ የተጀመረው በዚሁ ዓመተ ምሕረት ነበር።

ያን ጽሑፍ ለመምህሬ ከማስረከቤ በፊት በእናቴ በኩል ዘመዴ ለሆኑ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር አነበብሁላቸው። ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ማንበብ አይችሉም። የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ጨረስሁ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «ልጄ፣ ታዲያ እኔን ያስተማሩኝ ማን ሊባሉ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ስላሳፈረኝ የት እንደ ተማሩና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተማሩ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን የነገሩኝ ቦታና ዘመን አልነበረም። መምህራቸው እገሌ መሆናቸውን፣ እኒያ ደግሞ ከእገሌ መማራቸውን፣ የእሳቸውም መምህር ከማን እንደ ተቀበሉ እየቆጠሩ ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ የምፈልገው መልስ ይህ አልመሰለኝም። ስለዚህ ደጋግሜ ጠይቄ ያገኘሁትን የቦታ ስምና የዓመተ ምሕረት ግምት በማስታወሻዬ ጻፍሁ፤ የመምህራኑን ስም ግን አልጻፍሁም። አረጋዊው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ስሕተት ውጤት ነው። ለማሳየት የምሞክረውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የጉባኤ ቤቶቻችን ታሪክ የተሰበሰበበትና የሚገኝበት ዋናው መዝገብ የመምህራን የትውልድ ሐረግ እንጂ የሕንፃ ወይም የምሥረታ ዓመት አለመሆኑን ነው። በዛሬው ጊዜ በየከተማው አውራ ጎዳና «አካዳሚ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ የግል ትምህርት ቤቶች በርክተዋል። በአንድ ሙያ ብቻ የሚያሠለጥን፣ በአንድ ሊቅ ስም የሚጠራና በራሱ የሚተዳደር የትምህርት ተቋም ግን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ሰሌዳው ነው።

2. የሙያ ክፍፍልና የማስመስከሪያ ቦታዎች

የጉባኤ ቤት ትምህርት አንድ ወጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ከንባብ ቤት ቀጥሎ ያለው ትምህርት በየሙያው የተከፋፈለ ነው። ፊደል የቆጠረው ሕፃን መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስንና ዳዊትን በንባብ ከዘለቀ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ወደ ዜማ ቤት የገባው ጾመ ድጓን፣ ድጓንና ምዕራፍን ይማራል። ከዚያ ዝማሬ መዋስዕት፣ ቅዳሴና አቋቋም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መምህርና የየራሳቸው ቤት አላቸው። ቅኔ ቤት ሌላ ነው። መጻሕፍት ቤት ደግሞ በብሉይ፣ በሐዲስ፣ በሊቃውንትና በመነኮሳት የተከፈለ ሆኖ ፍትሐ ነገሥትና የዘመን ቀመር ትምህርት የሆነው አቡሻኽር በጎኑ ይገኛሉ። አንድ ሰው ሁሉንም ጠንቅቆ ቢያውቅ «አራት ዓይና» ይባላል። የስያሜው መኖር ራሱ ይህን መሰሉ ሰው ጥቂት እንደ ነበረ ይመሰክራል። የብዙዎቹ ሊቃውንት ክብር በአንድ ሙያ ላይ የቆመ ነበር።

ለእያንዳንዱ ሙያ የታወቀ የማስመስከሪያ ቦታ አለ። ከድጓ ተማሪዎች ብዙዎቹ የተማሩትን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወጣሉ። ለዝማሬ መዋስዕት በበጌምድር ያለው ዙር አምባ ይጠቀሳል። ለቅዳሴ በትግራይ ያለው ደብረ ዓባይ የታወቀ ነው። ለአቋቋም የጎንደር ቤቶች ሲጠሩ፣ ተክሌ የተባለው አቋቋም ከአለቃ ገብረ ሐናና ከልጃቸው ከተክሌ ስም ጋር ተያይዞ የደብረ ታቦር መለያ ሆኖ ቆይቷል። በቅኔ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ በየራሳቸው መንገድ የተለዩ ቤቶች ናቸው። ለመጻሕፍት ትርጓሜ ጎንደር የበላይነቱን ይዛ፣ ትርጓሜውም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተለያይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ቤት» የሚለው ቃል በዚህ አገባቡ ግድግዳና ጣሪያ ማለት አይደለም። «የዋሸራ ቤት» ሲባል አንድ ዓይነት የቅኔ አካሄድ፣ አንድ ዓይነት የአገባብ ስልት ማለት ነው። ከዋሸራ ብዙ ርቆ የተቀመጠ መምህር የዋሸራ ቤት ሊሆን ይችላል። በዜማም ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉት ስሞች መነሻቸው የቦታ ስም ቢሆንም የሚያመለክቱት የዜማን ስልት ነው። የቦታው ስም መምህሩን ተከትሎ ይጓዛል ማለት ነው።

3. የአንድ ቅኔ ቤት ውሎ

የቅኔ ቤትን መርሐ ግብር ጠጋ ብሎ ማየት ይህን አሳብ ግልጽ ያደርገዋል። ተማሪው መጀመሪያ ግስ ያወጣል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ የሚሉትን አርእስተ ግሥ ይዞ የእያንዳንዱን እርባታ ያጠናል። አገባብ ይማራል። ከዚያ ባለ 2 ቤት በሆነው በጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ባለ 8 ቤት እስከ ሆነው እስከ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ምሥጢሩን ይፈታል። ተማሪው ያን ሰምቶ ወደ ጥሻው ወይም ወደ ወንዙ ዳር ብቻውን ወጥቶ የራሱን ይቆጥራል። ማታ በጉባኤው ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩ ያርማል፤ ግሱ ከተሳሳተ ግሱን፣ ምሥጢሩ ከተፋለሰ ምሥጢሩን፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመም ያንኑ ያስተካክላል።

የዚህ መርሐ ግብር ዋና ጠባይ መድገም የማይፈቀድ መሆኑ ነው። በዜማ ቤት የተቀበሉትን ሳይለውጡ መመለስ ሙያ ሲሆን፣ በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ዛሬ የተነገረ ቅኔ ነገ አይደገምም፤ ለነገው በዓል አዲስ ይፈለጋል። ስለዚህ የቅኔ ቤት ያስተማረው ነገር የግጥም ስብስብ ሳይሆን የመፍጠር ልምድ ነው። ልምድ ደግሞ በብራና ተጽፎ ሊቀመጥ አይችልም። በየማታው እርማት ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ ነው።

የዜማ ቤቱም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል፤ ምልክቱንም ያኖራል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ብቻውን አያዜምም። ምልክቱ ለሚያውቀው ማስታወሻ፣ ለማያውቀው ግን ዝም ያለ ነቁጥ ነው። ቤተልሔም የሚያስመሰክሩትም ለዚህ ነው፤ የሚመሰከረው የመጽሐፉ ጽሕፈት ብቻ ሳይሆን የአፉ ዜማ ነው።

4. እሳት ያልነካው መዝገብ

የጉባኤ ቤት ታሪክ በሕንፃ ቢለካ ኖሮ ብዙ ጊዜ አልቋል በተባለ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጥለዋል። የቤተልሔምን ክብር የሚያስረዳው ትውፊት ድጓ ከዚያ ጥፋት የተረፈው በዚህ ስፍራ ነው ይላል። የዜማ ምልክቶቹም የተደራጁት ከጦርነቱ ቀጥሎ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540-1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል መሆኑን ሊቃውንቱ ይተርካሉ። ከጥፋቱ ማግሥት የተሠራው ሥራ ስንመለከተው፣ መምህራኑ የሚያስታውሱትን በምልክት የማጽናት ሥራ ነበር።

ጎንደርም ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዙ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የማህዲስቶች ጦር ጎንደርን አቃጠለ። በዚህ ስሌት የጎንደር መጻሕፍት ቤት እዚያው ላይ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። የአንድምታው ትርጓሜ በ20ኛው መቶ ዓመት በማተሚያ ቤት እስኪታተም ድረስ ዋና መኖሪያው የመምህራኑ አእምሮ ነበር። በግእዙ ንባብ ላይ «አንድም» እያለ በአማርኛ የሚፈታው ያ ትርጓሜ ከአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ጥንታዊ ምንጮች አንዱ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። መጽሐፉ ሲሄድ ትርጓሜው ቀረ፤ ምክንያቱም መምህሩ ከእሳቱ ሸሽቶ በሌላ ደብር ሲቀመጥ ጉባኤውም አብሮት ተቀመጠ።

በዓይን የሚታይ የቅርብ ማስረጃም አለን። የግእዝን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት። ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ሕትመቱን ሳያዩ ስላረፉ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ስም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁ። ሦስት ትውልድ የፈጀው ይህ ሥራ በየትኛውም ተቋም ሕንፃ ሥር የተሠራ አልነበረም። ተቋሙ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈው አደራ ነው። ዛሬ በየቢሯችን መደርደሪያ ላይ ያሉት ሁለቱ መዝገበ ቃላት የዚያ አደራ ፍሬዎች ናቸው።

የሥነ ጽሑፋችንም ታሪክ ከዚህ ሐረግ ውጭ ሊነበብ አይችልም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ምድር ወደ ቴአትር የመጡ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ተምረው ኋላ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ያደረጉት የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። መንግሥቱ ለማ ያባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ መጽሐፍ አድርገው በ1959 ዓ.ም. አሳተሙ። ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው አለቃ ሕይወታቸውን የሚተርኩት ከአንድ መምህር ወደ ሌላ መምህር በተጓዙበት መንገድ መሆኑን ያያል። መንግሥቱ ለማ የአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድን የቤተ ክህነት ትምህርት መጽሐፍም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1970 እንዲታተም አድርገዋል። የዘመናዊ ኮሜዲያችን አባት የሆኑት ሰው ለጉባኤ ቤት ታሪክ ይህን ያህል መድከማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

5. የሚጎዳው ምንድን ነው?

እሳት ያልጎዳውን ምን ጎዳው ብለን ብንጠይቅ መልሱን በኑሮው ውስጥ እናገኘዋለን። የጉባኤ ቤት መምህር ከተማሪው የትምህርት ዋጋ አይቀበልም ነበር። የሚኖረው ደብሩ በሚሰጠው መሬት ነው። ተማሪው ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጃፉ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ባገኘው ቁራሽ ይኖራል። ሕዝቡ ቁራሽ በመስጠት፣ ደብሩ መሬት በመስጠት የሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የገበሬው ጭሰኝነት ቀረ። ይህ ታላቅ ለውጥ መሆኑን አልክድም። የአዋጁ ሌላው ውጤት ግን ደብሩ ለመምህሩ የሚሰጠው መሬት መቅረቱ ነው። በዚሁ ላይ የዘመናዊው ትምህርት ቤት በየወረዳው ሲስፋፋ የተማሪው ቁጥር ተከፈለ። ቁራሽ መለመንም ከትምህርት ሥርዓት ይልቅ እንደ ድህነት ምልክት መታየት ጀመረ።

ጉባኤ ቤቶች ዛሬም አሉ፤ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ቦታዎች ይቀጥላሉ። ነገር ግን ከመምህር ወደ መምህር የሚሄደው ሐረግ ሲበጠስ የሚታይ ነገር የለም። ሕንፃ ሲፈርስ ፍርስራሹ ይቀራል፤ ዓመተ ምሕረቱም ይመዘገባል። መምህሩ ተተኪ ሳያስመሰክሩ ሲያርፉ ግን በዚያ ቀን አንድ ትምህርት ቤት መዘጋቱን የሚመዘግብ ሰው አይኖርም። ለቀብሩ የመጣው ሰው የቀበረው አንድ ሽማግሌ ብቻ ይመስለዋል።

ይህን ስል ጉባኤ ቤትን እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ አልሻም። ዕውቀትን የመሸሸግ፣ ተማሪን ለብዙ ዓመት በአገልግሎት የማድከምና የቤት ፉክክርን ከትምህርቱ አስበልጦ የመያዝ ጠባይ እንደ ነበረ ራሳቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ ሴቶች ከጉባኤው ርቀው ኖረዋል። ዳሩ ግን ይህንንም በትክክል ለመጻፍ የሚረዳን የመምህራን ሐረግ ነው። በጎጃም የቅኔ መምህርት የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ከአባታቸው የተቀበሉትን ቅኔ ለብዙ ወንዶች ተማሪዎች አስተምረዋል። ታሪኩን በሕንፃና በሹመት ብቻ የሚከተል ተመራማሪ እማሆይን አያገኛቸውም፤ አለቅነት አልተሾሙምና። «ቅኔ ከማን ተማርህ?» ብሎ የጠየቀ ግን ስማቸውን ይሰማል።

6. ማጠቃለያ

የቅኔን መነሻ ከቅዱስ ያሬድ የሚያደርጉ ሊቃውንት አሉ፤ ዮሐንስ ገብላዊን የሚጠቅሱ አሉ፤ ተዋነይን የሚያስቀድሙም አሉ። ክርክሩን በዚህ ጽሑፍ ልቆርጠው አልሞክርም። የማመለክተው ክርክሩ የሚካሄድበትን መንገድ ነው። ማንኛቸውም ወገን «መቼና በየትኛው ሕንፃ ተጀመረ?» ብለው አይከራከሩም፤ የሚከራከሩት «ከማን ወደ ማን ተላለፈ?» በሚለው ላይ ነው። የእኛ የዘመናዊው ትምህርት ሰዎች ጥያቄ ከእነሱ ጥያቄ ጋር ስላልተገናኘ፣ መልሳቸውን እየሰማን «መረጃ የለም» ብለን ጽፈናል። እኔ የጻፍሁት ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ በትምህርት ክፍላችን ለሚማሩና ለሚያስተምሩ የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ወደ አገሩ ለዕረፍት የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በአቅራቢያው ካለ መምህር ዘንድ ቀርቦ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ከማን ተማሩ? እሳቸውስ ከማን? በየትኛው ቤት? ማንን አስመሰከሩ? የሚነገረውን ስም ሁሉ ሳያሳጥር ይመዝግብ። ዛሬ በእጅ ስልክ እንኳ ድምፅ መቅዳት ስለሚቻል ድካሙ ብዙ አይደለም። የአንዱ ሐረግ ከሌላው ጋር ሲገጣጠም የትኛው ሙያ በየትኛው ዘመን ከየት ወደ የት እንደ ሄደ የሚያሳይ ካርታ ይወጣል። ያን ጊዜ የትምህርታችን ታሪክ መነሻ 1900 ዓ.ም. ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ በእርግጠኝነት ለመመለስ እንችላለን።

እኔ በበኩሌ የጀመርሁት የእናቴን አገር ሰዎች በመጠየቅ ነው። የእኒያን አረጋዊ ደቀ መዛሙርት ፈልጌ ሁለቱን አግኝቻለሁ። ከሁለቱ አንዱ የመምህራቸውን መምህር ስም ያስታውሳሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን አያውቁም። በማስታወሻዬ ላይ የቦታው ስምና የዓመተ ምሕረቱ ግምት አሁንም ተጽፎ ይገኛል። ከሥሩ አምስት ወይም ስድስት ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ።